ወደ ጎንደር ትኬት መቼ ልቁረጥ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥቅምት ሲገባ ስልኬ ዕረፍት ያጣል። «ለጥምቀት ልመጣ ነው፤ ትኬት አሁን ልቁረጥ ወይስ ትንሽ ልጠብቅ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ትኬት ሻጭ አይደለሁም። ጎንደር የምኖር፣ ዘመዱ የበዛ ቤት ልጅ ነኝ። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ የሚመጣው የቤታችን ሰው ሁሉ ለእኔ ሳያሳይ አይቆርጥም። በዚህ ምክንያት ያልተማርኩትን ሙያ ለመድኩት። መልሱን ለእያንዳንዱ ከምደጋግም አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

አጭሩን ንገረኝ፤ መቼ ልቁረጥ?

የሚወሰነው በምትበሩበት ቀን ነው። ቀኑ የሁሉም ሰው ቀን ከሆነ፣ ማለትም ጥምቀት፣ ገና፣ ፋሲካ ወይም የሰርግ ሰሞን ከሆነ፣ መጠበቅ ኪሳራ ነው። ቀኑ የእናንተ ብቻ ከሆነ አትጨነቁ።

እኔ በቤታችን የምከተለው ልክ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር በተራ ሰሞን ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ መቁረጥ ይበቃል። ለጥምቀት ከሆነ ከመስከረም ወዲህ ማየት እጀምራለሁ፤ ጥቅምት ሳያልቅ እቆርጣለሁ። ከውጭ አገር ለሚመጣ ሰው በተራው ወቅት ከሁለት እስከ አራት ወር፣ ለገናና ለጥምቀት ደግሞ አምስት ስድስት ወር ቀድሞ ቢያዝ ጥሩ ነው። ይህ ሕግ አይደለም፤ ከልምድ የመጣ ነው። ከዚህ በላይ መቸኮልም ብዙ አይጠቅምም። አየር መንገዶች ወንበራቸውን ለሽያጭ የሚከፍቱት አሥራ አንድ ወር ገደማ ቀድመው ነው። በዚያን ጊዜ የሚወጣው ዋጋ ሁልጊዜ ርካሹ ነው ማለት አይደለም።

ያው አውሮፕላን፣ ያው ወንበር፤ ዋጋው ለምን ይለያያል?

ብዙ ሰው ዋጋው በዘፈቀደ የሚወጣ ይመስለዋል። አይደለም። በኢኮኖሚ ክፍል ያሉት ወንበሮች በዓይን ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሲስተሙ ውስጥ ግን በየመደቡ ተከፋፍለዋል። እያንዳንዱ መደብ በአንድ የላቲን ፊደል ይጠራል፣ የራሱ ዋጋም አለው። ርካሹ መደብ ጥቂት ወንበር ይመደብለታል። እሱ ሲያልቅ የሚቀጥለው ይከፈታል። እሱም ሲያልቅ ሌላው። ስለዚህ «ትኬት ተወደደ» ስንል ብዙ ጊዜ የተወደደ ነገር የለም፤ ርካሹ አልቆ ነው።

ወደ ጎንደር ሲሆን ይህ ነገር ይብሳል። ምክንያቱ አውሮፕላኑ ነው። ብዙውን ጊዜ አዘዞ፣ ማለትም ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ የሚያርፈው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው፤ የሚይዘው ሰው ሰባ ገደማ ነው። ከሰባ ወንበር ውስጥ ለርካሹ መደብ ስንት ሊደርሰው ነው? አንድ ሰርገኛ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ በአንድ ማታ ሊጨርሰው ይችላል። ትልቁ ቦይንግ 737 ሲመደብ ወንበሩም ስለሚጨምር ዋጋው ትንሽ ይተነፍሳል። በበዓል ሰሞን በረራ ተጨምሯል ሲባል የምትሰሙ ከሆነ ያኔ ቶሎ ብላችሁ እዩ። አዲስ የተጨመረ በረራ ርካሹ መደብ ገና ያልተነካ ሊሆን ይችላል።

ማክሰኞ ሌሊት ይረክሳል የሚባለውስ?

ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ በየሳምንቱ ትደውልልኛለች። «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው አይደል? እስቲ እይልኝ!»

ወሬው መነሻ አለው። ድሮ አሜሪካ ውስጥ አየር መንገዶች ቅናሽ የሚያወጡት ሰኞ ማታ ነበር። ተፎካካሪዎቻቸው ማክሰኞ ዋጋቸውን ያስተካክላሉ። ማክሰኞ የገዛ ሰው ተጠቀመ። ያ ጊዜ አለፈ። አሁን ዋጋ በቀን ስንቴ እንደሚለዋወጥ የሚቆጥረው ኮምፒውተር ነው። የምትገዙበት ቀን ማክሰኞ ሆነ ቅዳሜ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለውም።

የምትበሩበት ቀን ግን ልዩነት አለው። ዓርብ፣ እሑድና ሰኞ ሰው ይበዛል። ማክሰኞና ረቡዕ ቀለል ይላሉ። አክስቴ ነገሩን ገልብጣ ነው የያዘችው፤ በማክሰኞ መግዛት ሳይሆን በማክሰኞ መብረር ነው የሚያዋጣው። ስንት ጊዜ ነገርኳት፤ አሁንም ማክሰኞ ትደውላለች። እኔም ሰላምታዋ ስለሚናፍቀኝ ዝም ብዬ አያለሁ።

ደጋግሜ ሳየው ዋጋው ይጨምራል፤ እየተከታተሉኝ ነው?

ይህንንም ብዙ ሰው ይለኛል። ስልኩን አጥፍቶ የሚያበራ አለ፣ የእህቱን ስልክ ተውሶ የሚያይ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሆነው ግን ቀላል ነው፤ እናንተ ስታስቡ ሌላ ሰው ገዛ።

ተቃራኒውም ይከሰታል። ማታ ተወዶ ያያችሁት ጠዋት ወርዶ ታገኙታላችሁ። ሰዎች ቦታ አስይዘው ሳይከፍሉ ሲቀሩ የመክፈያ ሰዓቱ ያልፍና ወንበሩ ወደ ሲስተሙ ይመለሳል። በጥምቀት ሰሞን ለቡድን ተብሎ የተያዘ ወንበርም እንዲሁ ሊለቀቅ ይችላል። ስለዚህ አንዴ አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በማግስቱ ጠዋት አንድ ጊዜ እዩ። የጉግል የበረራ መፈለጊያ ለመረጣችሁት ቀን ዋጋው ሲለወጥ በኢሜይል የሚያሳውቅ አገልግሎት አለው። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ከማክሰኞው ወሬ የተሻለ ይረዳል።

ለጥምቀት ነው የምመጣው። የትኛውን ቀን ልምረጥ?

እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እናውራ።

ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው። ቅዱስ ሚካኤል ደግሞ ጥር 12 ነው። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳውም የዓለም እንግዳ ነው። ሁሉም ሰው ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ለማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ጥር 8 እና 9 መድረስ ይፈልጋል፤ ጥር 13 እና 14 ደግሞ መመለስ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ያለው በረራ ጥር 9 ሲጨናነቅ ያው አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ቀለል ብሎት ሊሆን ይችላል። ጥር 13 ደግሞ ይገለበጣል።

ይህንን ያወቀ ሰው ከሕዝቡ ሦስት አራት ቀን ይቀድማል። ጥር 5 ኑ። ከተማው በዚያን ሰሞን ሲዘጋጅ ማየት ራሱ አንድ በዓል ነው። መንገዱ ይጸዳል፣ ሰንደቅ ይሰቀላል፣ ሽሮ ሜዳ የተሰፋ የሐበሻ ቀሚስ የያዘ ሻንጣ በየቤቱ ይወርዳል። መመለሻችሁን ደግሞ ጥር 17 ወይም 18 አድርጉት። ማድረግ ካልቻላችሁ አንዱን ጫፍ ብቻ አስተካክሉ፤ ወይ መምጫውን ወይ መመለሻውን። ከሁለቱ አንዱ ከግርግሩ ከወጣ ግማሹን ቆጥባችኋል።

የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ወንድሜ ጥር ላይ ሊያገባ ነበር። አዲስ አበባ ነበርኩ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ዋጋውን አየሁት፤ ደህና ነበር። «ለገና ቅናሽ ያወጡ ይሆናል፣ ትንሽ ልጠብቅ» አልኩ። በሳምንቱ አየሁት፤ አልተለወጠም። ልቤ ተጽናና። በሌላው ሳምንት ትንሽ ከፍ አለ። ተናደድኩና «ይወርዳል» አልኩ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሲታይ ርካሾቹ መደቦች በሙሉ ተዘግተዋል፤ የቀረው መጀመሪያ ካየሁት እጥፍ ነው። ለሙሽራው የወንድምነቴን ስጦታ በትኬት ከፈልኩ ማለት ነው። ለበዓል ሰሞን ቅናሽ የሚያወጣ ነጋዴ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው? አውሮፕላኑ ያለ ቅናሽም ይሞላል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ጥር በጎንደር የጥምቀት ወር ብቻ አይደለም፣ የሰርግ ወርም ነው። ጥምቀት ቢያልፍም ቅዳሜና እሑዱ በሰርገኛ ይጨናነቃል። የሚቀለው የካቲት ውስጥ ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው።

ከጥምቀት ሌላ የሚወደደውና የሚረክሰው መቼ ነው?

የጎንደርን ትኬት ዋጋ ለማወቅ የአየር መንገዱን ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑን ቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። በጾም ሰርግ የለም። ሰርግ ከሌለ ተጓዥ ይቀንሳል። ዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ነው፤ ያ ሁሉ ቀን ለገበያተኛ ምቹ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ግን ይዘጋል፣ ከፋሲካ በኋላም የሰርጉ ሰሞን ይከተላል። ከኅዳር 15 ጀምሮ ያለው የገና ጾምም ታኅሣሥ አጋማሽ እስኪደርስ ድረስ ጸጥ ያለ ነው።

ሰኔና ሐምሌ የተማሪ ነው። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲያስመርቁ ወላጅ ከየአቅጣጫው ይመጣል። የምርቃቱ ቀን እንደታወቀ በዚያው ቀን ቁረጡ፤ ቀኑ የሚነገረው ዘግይቶ ስለሆነ ሁሉም ወላጅ አንድ ላይ ነው የሚሮጠው። ክረምቱ ደግሞ የውጭዎቹ ዘመዶቻችን ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋላቸው የሚመጡበት ነው። ቱሪስቱ በሌለበት ወራት አውሮፕላኑን የሚሞሉት እነሱ ናቸው።

ከአሜሪካ ወይም ከቴል አቪቭ ለሚመጣ ሰውስ?

ከአሜሪካ ሁለት ውድ ሰሞን አለ። አንደኛው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ፣ ሁለተኛው ታኅሣሥ ከተጋመሰ እስከ ገና። ለመምጫ የሚረክሰው ጥር ካለቀ በኋላ እስከ መጋቢት፣ እንደገናም ጥቅምትና ኅዳር ነው። ጥምቀት እዚህ ላይ ጥሩ ዕድል አለው። ከዋሽንግተን የሚመጣ ሰው በፈረንጅ ገና ግርግር ሳይሆን ከጥር 1 በኋላ ቢነሳ፣ የባሕር ማዶውን ውድ ሰሞን አምልጦ የጎንደሩን በዓል ያገኛል። «ገናንም ጥምቀትንም» ካላችሁ ግን ውዱን ትከፍላላችሁ፤ ሌላ መላ የለውም።

ከቴል አቪቭ የሚመጣው ዘመድ ደግሞ የአይሁድን በዓላት ማየት አለበት። ጎንደርና እስራኤል ምን ያህል እንደሚተሳሰሩ ለጎንደር ሰው አይነገርም። በፋሲካቸውና በመስከረም ጥቅምት በዓላቸው እዚያ ትምህርት ቤትና ሥራ ስለሚዘጋ ትኬት ይንራል። የእኛ በዓልና የእነሱ በዓል በተገጣጠመበት ዓመት ሁለት እጥፍ ተጠንቀቁ።

እስከ ጎንደር በአንድ ትኬት ይሻላል ወይስ ቦሌ ደርሼ ልግዛ?

እኔ አንድ ትኬት እመርጣለሁ። ምክንያቱ ዋጋ ብቻ አይደለም። ከውጭ የሚመጣው በረራ ቢዘገይና የጎንደሩ ቢያመልጣችሁ፣ ትኬቱ አንድ ከሆነ ቀጣዩ ላይ የማሳፈሩ ጣጣ የአየር መንገዱ ነው። ትኬቱ ለየብቻ ከሆነ ጣጣው የእናንተ ነው። በጥር ሰሞን ደግሞ «ቀጣዩ» ማለት ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ለየብቻ መግዛት ካለባችሁም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ የገባ መንገደኛ የአገር ውስጥ በረራ በቅናሽ የሚያገኝበት የቆየ አሠራር አለ። የውጭውን ትኬት ቁጥር ይዛችሁ ጠይቁ። ሳትጠይቁ ማንም አይነግራችሁም።

ለአምስት ሰው ስፈልግ ለምን ይወደዳል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚያተርፈው ግን ይህ ነው።

እንበል፣ በርካሹ መደብ ሦስት ወንበር ቀርቷል። እናንተ ለአምስት ሰው ብላችሁ ፈለጋችሁ። ሲስተሙ አምስቱንም በአንድ መደብ ሊያስቀምጥ ይሞክራል። በርካሹ መደብ አምስት የለም። ስለዚህ ወደሚቀጥለው ይወጣና ለአምስቱም በውዱ ዋጋ ያሳያችኋል። ሦስቱ ርካሽ ወንበሮች እዚያው ባዶ ቁጭ ብለዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ለአንድ ሰው ብላችሁ ዋጋውን እዩ። ቀጥሎ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት። ዋጋው የዘለለበት ቦታ ላይ ቁሙ። ከላይ ባለው ምሳሌ አራት ስትሉ ይዘላል። ስለዚህ ሦስቱን ለብቻ ቁረጡ፣ ሁለቱን ደግሞ ለብቻ። ባለፈው ዓመት ለአክስቴ ቤተሰብ እንዲህ አድርጌ የተረፈው ገንዘብ ለሙሉ በግ በቅቷል። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ግን ልጁን ከወላጁ ለይቶ አይቁረጥ። የአንዱ በረራ ሲቀየር ሌላው ይቀራል፤ ያ መዘዝ ከሚተርፈው ብር ይበልጣል።

ከገዛሁ በኋላ ዋጋው ቢወርድስ?

ከአሜሪካ ወይም ወደ አሜሪካ የሚበር ትኬት ከሆነ አንድ ጥሩ ሕግ አለ። ከበረራው ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ቀድማችሁ ከአየር መንገዱ በቀጥታ ከያዛችሁት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ የምትችሉበትን ወይም ሳትከፍሉ ዋጋውን ይዛችሁ የምትቆዩበትን መንገድ እንዲሰጡ የአሜሪካ መንግሥት ያስገድዳቸዋል። ስለዚህ ደህና ዋጋ ስታዩ ያዙት፤ በማግስቱ ሐሳባችሁን መለወጥ ትችላላችሁ። ከኤጀንት የተገዛ ግን በዚህ ሕግ ላይሸፈን ይችላል።

ከዚያ ውጪ ያለው ትኬት የሚወሰነው በቅጣቱ ነው። ርካሹ መደብ ርካሽ የሆነው ቀን ለመቀየርና ለመሰረዝ ስለሚያስከፍል ነው። የመቀየሪያው ቅጣት ስንት እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ። የወረደው ዋጋ ከቅጣቱ ካልበለጠ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ከገዛችሁ በኋላም በየቀኑ ዋጋ እያያችሁ አትበግኑ።

የምከፍለው በብር ነው። መጠበቅ ይጎዳኛል?

ለውጭ በረራ ከሆነ፣ አዎ፣ ሊጎዳ ይችላል። የውጭ ትኬት መሠረቱ ዶላር ነው፤ በብር የምታዩት የዕለቱ ምንዛሪ ተመንዝሮ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። በዶላር ያልተነካ ትኬት በብር እጥፍ ወደ መሆን ሄደ። ስለዚህ በዶላር ሃያ ሠላሳ ይወርዳል ብሎ ሁለት ወር መጠበቅ፣ ብሩ በመሐል ሊበላው ይችላል። ብሩን ያዘጋጀ ሰው ደህና ዋጋ ሲያገኝ ቢቆርጥ ይሻለዋል።

ሄዴን በመኪና፣ መልሴን በአውሮፕላን ላድርግ?

አድርጉ፤ ግን ደርሶ መልስ ትኬት ገዝታችሁ የሄዱን አትተዉት። የመጀመሪያውን በረራ ሳትነግሯቸው ከቀራችሁ ሲስተሙ «መንገደኛው አልመጣም» ብሎ የቀረውን ሁሉ ይሰርዘዋል። አዘዞ ድረስ ሄዳችሁ ትኬት የለም ትባላላችሁ። መንገዱ የሚታሰብ ከሆነ አንድ መንገድ ብቻ ቁረጡ።

ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ያለፉት ዓመታት የጸጥታ ሁኔታ መንገዱን ስላከበደው፣ ድሮ በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው ሰው ዛሬ አውሮፕላን ላይ ነው። ወንበሩ ቶሎ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ባሕር ዳር ወርጄ በመኪና ብመጣስ?

ካርታው ላይ ጥሩ ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጎንደር ሞልቶ ባሕር ዳር ባዶ የሚሆንባቸው ቀናት አሉ። ግን ከመቁረጣችሁ በፊት እዚህ ላለ ዘመድ ደውላችሁ መንገዱን ጠይቁ። የዚያን ሳምንት መንገድ የሚያውቀው የዚያን ሳምንት የተጓዘ ሰው ብቻ ነው።

ድንገት ለቅሶ ቢመጣብኝስ?

ስለዚህ ማውራት ደስ አይልም፤ ግን ከሚደወሉልኝ ስልኮች ብዙዎቹ ይህ ናቸው። መርዶ ቀጠሮ የለውም። ለነገ የሚቆረጥ ትኬት ሁልጊዜ ውድ ነው። ከአዲስ አበባ ከሆነ ዋጋ አትዩ፤ የመጀመሪያውን በረራ ቁረጡና ኑ። ሞልቶ ከሆነ ኤርፖርት ሄዶ መጠበቅም ይሠራል፣ የሚቀር ሰው አይጠፋም።

ከውጭ ከሆነ ግን አንድ ነገር አስቡ። በእኛ አገር ቀብር አይቆይም። ዛሬ ሰምታችሁ ትኬት ብትቆርጡም አብዛኛውን ጊዜ ለቀብሩ አትደርሱም። ያላችሁን ሁሉ ከፍላችሁ ከቀብር ሁለት ቀን በኋላ ከመድረስ፣ ለአርባው ብትመጡ ከሠላሳ ቀን በላይ ታገኛላችሁ። ያ ጊዜ ደህና ዋጋ ለማግኘት ይበቃል። ማን መምጣት እንዳለበት የሚያውቀው ግን ቤተሰቡ ነው። እናቱን ያጣ ሰው ሒሳብ እንዲያሰላ አልነግረውም።

ከኤጀንት ብገዛ ችግር አለው?

የለውም፤ ግን ትኬቱ መቆረጡን አረጋግጡ። ቦታ ተያዘ ማለት ትኬት ተቆረጠ ማለት አይደለም። ቦታ ሲያዝ የሚሰጣችሁ ባለ ስድስት ሆሄ ኮድ ነው። ትኬት ሲቆረጥ ግን 13 አሃዝ ያለው ቁጥር ይኖራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ከሆነ በ071 ይጀምራል።

ይህን የተማርኩት በዘመድ ስቃይ ነው። አንዲት የአጎቴ ልጅ ለአንድ ትኬት ቤት ገንዘቡን ከፈለች። ወረቀት ሰጧት። ወረቀቱ ላይ ስሟ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ስድስት ሆሄ አለ። ቦሌ ስትደርስ ቦታው ከሁለት ቀን በፊት ተሰርዟል፤ ትኬት ቤቱ ገንዘቡን ይዞ ሳይቆርጥ ቆይቷል። ከተራን ቦሌ ወንበር ላይ አሳለፈችው። ወረቀቱን ዞር ብላ አይታው ቢሆን በ071 የሚጀምር ቁጥር እንደሌለው ታየው ነበር። በአየር መንገዱ መተግበሪያ ራሳችሁ ከቆረጣችሁና በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈላችሁም፣ ኮዱ የመክፈያ ሰዓት ገደብ አለው። ማታ ይዛችሁ «ነገ እከፍላለሁ» ብላችሁ አትተኙ።

ቀኑንና ሰዓቱን እንዴት ላንብብ?

ትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 07:00 የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። 13:10 ቀን 7 ሰዓት ከ10 ነው። አደገኛው የሌሊቱ ነው። ጃንዋሪ 22፣ 00:15 የሚል ትኬት የጃንዋሪ 21 ሌሊት 6 ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። በ22ኛው ቀን ማታ ኤርፖርት የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው ብላችሁም በጭፍን አትቁረጡ። ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ጥር አንድ ቀን ይዘልላል። በ2016 ዓ.ም. ጃንዋሪ 20 ላይ ነበር የዋለው። በ2020 ዓ.ም.ም እንደዚያው ይሆናል። በዚያ ዓመት ከተራን ለማየት ጃንዋሪ 18 ጠዋት የሚገባ ሰው አንድ ቀን ቀድሞ ነው የሚደርሰው፤ 19 ከሰዓት በኋላ የሚገባው ግን ታቦቱ ከወጣ በኋላ አዘዞ ላይ ታክሲ ይፈልጋል። አዘዞ ከፒያሳ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በከተራ ዕለት ደግሞ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ስለሚዘጋ የመጨረሻውን ጥቂቱን ሻንጣ ተሸክማችሁ በእግር ነው የምትጨርሱት።